ከመኪና ግጭት በኋላ የሚመጣ የአንገት ሕመምና ፊዚዮቴራፒ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብዙ ጊዜ ታካሚው የገጠመውን ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። ስሙን ስጠራው አንገቱን ብቻ አያዞርም፤ ትከሻውንና ወገቡን ጨምሮ መላ አካሉን ይዞ ይዞራል። ማጅራቱ ላይ ሻርፕ ተጠምጥሟል፤ የታሸበት ቅባት ሽታ ከእሱ ቀድሞ ክፍሉን ይሞላዋል። ከዚያ የሚከተሉት ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጡም። ከዚህ በታች ያሉት አዲስ አበባ ውስጥ በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ደጋግሜ የምሰማቸው ናቸው።

ግጭቱ ቀላል ነበር፤ መኪናዬ ጭረት እንኳ የላትም። አንገቴ እንዴት ሊታመም ቻለ?

የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አይተው ያውቃሉ። እጀታው ቀድሞ ይሄዳል፤ ጫፉ ይዘገይና በድንገት ይከተላል። መብራት ይዞዎት ቆመው ሳለ ሚኒባስ ከኋላ ሲገጭዎት የሚሆነውም ይኸው ነው። መቀመጫው ጀርባዎን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ከአራት ተኩል እስከ አምስት ኪሎ የሚመዝነው ራስዎ ግን ባለበት ሊቀር ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል የተያዘው አንገት፣ ሰባቱ አጥንቶቹ እንደተደረደሩ፣ ከታች ወደ ኋላ ከላይ ደግሞ ወደ ፊት ይታጠፋል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ጡንቻዎ ነቅቶ አንገትዎን ለመያዝ ፋታ አያገኝም።

ፓራውልቱ ሳይጨራመት መቅረቱ ለአንገትዎ ደኅንነት ምስክር አይሆንም። ብረቱ ሳይታጠፍ ሲቀር የግጭቱ ጉልበት ወደ ተሳፋሪው ያልፋል። ሃሮልድ ክሮው የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ይህን ጉዳት በጅራፍ መስሎ «ዊፕላሽ» ብሎ ጠራው። ኋላ ላይ ግን የእንቅስቃሴውን ዓይነት ለመግለጽ ያወጣው ቃል የበሽታ ስም ሆኖ መቅረቱን አልወደደውም። እውነትም ስሙ ከጉዳቱ በላይ ያስፈራል።

በአደጋው ቀን ምንም አልተሰማኝም። በማግስቱ ጠዋት ግን ከትራስ ራሴን ማንሳት አቃተኝ። ለምን?

የተለመደ ነው። በድንጋጤው ሰዓት ሰውነት ሕመምን ያፍናል። የተሳቡት ጅማቶችና ጡንቻዎች ማበጥና መቆጣት ደግሞ ሰዓታት ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ ሕመሙ 12 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ዘግይቶ መምጣቱ ብቻውን ጉዳቱ የከፋ ነው ማለት አይደለም። ከማጅራት የሚነሳ ራስ ምታት፣ በትከሻ መካከል የሚሰማ ጭንቀት፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻልም አብረውት ይመጣሉ።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ከመምጣቴ በፊት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይቀድማል። እጅ ወይም እግር ከደነዘዘ፣ ጉንዳን የሚሄድበት ከመሰለ ወይም ከሰነፈ፤ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ካቃተ፤ አካሄድ ከተወላገደ፤ በአንገት መሐል መስመር አጥንቱ ሲነካ ክፉኛ ካመመ፤ ራስን መሳት፣ ደጋግሞ ማስታወክ ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካለ፤ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ድንገተኛ ክፍል ነው።

አደጋው ቦታ ላይ ካሉ ደግሞ የተጎዳውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ጎትቶ ታክሲ ውስጥ መጫን የአገራችን ደግነት ያመጣው ትልቅ ስሕተት ነው። እሳት ወይም ሌላ ቅርብ አደጋ ከሌለ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ ራሱን በሁለት እጅ ያዙለትና አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

ሐኪሙ ራጅ ያዝዛል ወይስ አያዝዝም የሚለውን የሚወስነው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ ካናዳ ውስጥ የተሠራ መመዘኛ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ መኪናው የተገለበጠበት ወይም ከመኪናው የተወረወረ፣ እጅና እግሩ የደነዘዘ ሰው በቀጥታ ምስል ይነሣል። ከዚህ ውጭ ያለው ሌሎች ጥቂት ነገሮች ታይተውለት አንገቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ 45 ዲግሪ ያህል ማዞር ከቻለ ምስል ላያስፈልገው ይችላል። ይህን ሙከራ ግን ሐኪም ፊት እንጂ ቤት ውስጥ ብቻዎን አይሞክሩት።

ራጄ ንጹሕ ነው ተባልኩ። ታዲያ የሚያመኝ ውሸቴን ነው?

አይደለም። ራጅ አጥንት ያሳያል፤ የተሳበ ጅማት፣ የተቆጣ መገጣጠሚያ፣ የተጨነቀ ጡንቻ አያሳይም። «ምንም የለብህም» የሚለው ቃል መነገር የነበረበት «የተሰበረ ነገር የለህም» ተብሎ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ኤምአርአይ ተነሥቶ «ዲስክህ (በአጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ንጣፍ) ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ዓለም የተደፋበት መስሎት ይመጣል። ጃፓን ውስጥ የአንገት ሕመም የሌለባቸው 1,211 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ሲታተም፣ 87.6 በመቶው ላይ ያበጠ ዲስክ ታይቷል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ከአደጋው የመጣ አይደለም፤ ምናልባት ከግጭቱ በፊትም እዚያው ነበረ።

ወጌሻ ቢያሸኝስ?

ይህን ስመልስ ጥንቃቄ አደርጋለሁ፤ ወጌሻን መናቅ ልማዴ አይደለም። እኔም በልጅነቴ ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኝ ሰፈራችን ያሉ አዛውንት በቅቤ አሽተውኛል፤ ድኛለሁም። አንገት ግን ቁርጭምጭሚት አይደለም። በውስጡ ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሁለት የደም ሥሮች ደግሞ በላይኞቹ ስድስት የአንገት አጥንቶች ቀዳዳ ውስጥ ሾልከው ይወጣሉ። ያልታየ ስብራት ያለበትን አንገት በድንገት ማዞር ሰውን ሽባ ሊያደርግ፣ የደም ሥሩን ሊቀድና በአንጎል ላይ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። «ጅማቱ ዞሯል፣ እመልሰዋለሁ» የሚለው አነጋገር ራሱ አሳሳች ነው። ጅማት ይሳባል፣ ይቀደዳል እንጂ ዞሮ ተመልሶ የሚገባ ነገር አይደለም።

ለታካሚዎቼ የምነግራቸው አንድ ሕግ ነው፦ አንገትዎን ማንም ሰው በድንገት «ቀጭ» እንዲያደርግ አይፍቀዱ። ማንም ስል ፀጉር አስተካካዩንም ማለቴ ነው። ጢም ከተስተካከለ በኋላ ትከሻ አሽቶ፣ አገጭና ማጅራት ይዞ በአንድ ምት አንገት ማንቋቋት በብዙ ፀጉር ቤት እንደ ምርቃት ይሰጣል። ይቅርብኝ ይበሉት። ቀስ ያለ፣ ላይ ላዩን የሆነ ማሸት ስብራት እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ ለጊዜው ሊያቀልል ይችላል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ስለ ካይሮፕራክተር (አንገትና ጀርባን በእጁ ገፍቶ ስለሚያክም ባለሙያ) ሲጠይቁኝም መልሴ ይኸው ነው። ነጭ ጋውን መልበሱ በፍጥነት ማጠማዘዙን ከአደጋ ነጻ አያደርገውም፤ ከግጭት በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ።

የአንገት ኮላር ገዛሁ። ስንት ሳምንት ላድርገው?

የአምቡላንስ ሠራተኛ ያደረገልዎት ጠንካራ ኮላር ስብራት እንደሌለ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆያል፤ ስብራት ከተገኘም የሐኪሙን ትእዛዝ ይከተሉ። ከፋርማሲ የሚገዛው ለስላሳው ስፖንጅ ግን ስብራት ለሌለበት አንገት አይረዳም። የታሰረ አንገት ይደርቃል፣ ጡንቻው ይሰንፋል፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ባለቤቱ አንገቱ ሊበጠስ ነው ብሎ ማመን ይጀምራል። ሁለት ወር ሙሉ ኮላሩን ለእንቅልፍ እንኳ ሳያወልቅ የቆየ የታክሲ ሾፌር ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ሳወልቅለት በሁለት እጁ ራሱን ደገፈ፤ እንደ ሞላ እንስራ። የመጀመሪያው ቀን ሥራችን እጆቹን አንድ በአንድ ማስለቀቅ ብቻ ነበር።

ፊዚዮቴራፒስቱ ምን ያደርግልኛል? ማሽን አለው?

ማሽኑን ሁሉም ይጠይቃል። ቀይ መብራቱ፣ ንዝረቱ፣ ጄል ተቀብቶ የሚሽከረከረው መሣሪያ፤ ታካሚው እነዚህን ሲያይ ታከምኩ ይላል፤ ክሊኒኩም ያስከፍልባቸዋል። ሕመምን ለጥቂት ሰዓት ሊያለዝቡ ይችሉ ይሆናል፤ አንገትን ወደ ሥራው የሚመልሱት ግን እነሱ አይደሉም። በቀጠሮዎ ላይ ከመብራት ሥር ተጋድሞ መውጣት ብቻ ከሆነ የሚሰጥዎት፣ ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

ተገቢው ጉብኝት የሚጀምረው በጥያቄ ነው፦ ከየት አቅጣጫ ተገጩ? ራስዎ ወዴት ዞሮ ነበር? እጅዎ ይደነዝዛል? ከዚያ አንገትዎ በስድስቱም አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚሄድ ይለካል፤ የእጅዎ ጉልበት፣ ስሜትና የነርቭ ምላሽ ይታያል። ቀጥሎ የሚመጣው ስለ ጉዳቱ በግልጽ መነጋገር፣ በእጅ የሚሰጥ ቀስ ያለ ሕክምናና ለእርስዎ የተመረጠ እንቅስቃሴ ነው። የቀጠሮ ብዛት የጥራት ምልክት አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ሕመማቸው ሥር በሰደደባቸው 172 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ 20 ጊዜ ተመላልሶ የሠራውን ቡድን ከአንድ የግማሽ ሰዓት ምክርና ከስልክ ክትትል ጋር አነጻጸረ፤ በሕመም ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እኔ እንጀራዬ ከቀጠሮ ቢሆንም ይህን ለታካሚዎቼ እናገራለሁ። ለብዙ ሰው ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ይበቃል፤ ቀሪው ሥራ የሚሠራው ቤት ውስጥ ነው።

ቤት ውስጥ ምን ልሥራ?

ስብራትና የነርቭ ጉዳት እንደሌለ ከተነገረዎት ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምሩ። በጀርባዎ ተጋድመው፣ ራስዎን ትራስ ላይ እንዳስደገፉ፣ ወደ ቀኝ ከዚያ ወደ ግራ ቀስ ብለው ያንከባሉት። ሕመሙ ሲጀምር ትንሽ ቆም ይበሉና ይመለሱ። በየአቅጣጫው አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ትራሱ ክብደቱን ስለሚሸከምልዎ ቆመው የማይችሉትን ያህል ይዞርልዎታል።

ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ግን እሱን ነው። እንደተጋደሙ አገጭዎን በጣም በትንሹ ወደ ጉሮሮዎ ያጎንብሱ፤ ራስዎ ከትራስ አይነሣም። እኛ «አዎ» ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ራሳችንን ብድግ እናደርጋለን፤ ይህ የዚያ ተቃራኒ ነው። አምስት ሰከንድ ይዘው ይልቀቁ፤ አሥር ጊዜ ይድገሙ። በእጅዎ ጣቶች የአንገትዎን ፊት ለፊት ዳሰስ ያድርጉ። ከጆሮ ሥር ወደ ደረት የሚወርዱት ሁለቱ ገመድ የመሰሉ ጡንቻዎች ከተገተሩ በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀንሱት። የምንፈልገው ከእነሱ ሥር ያሉትን፣ አጥንቱን ተጠግተው የሚይዙትን ትናንሽ ጡንቻዎች መቀስቀስ ነው። ከአደጋ በኋላ ሥራ የሚፈቱት እነሱ ናቸው።

ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ተቀምጠው ወደ ማዞር፣ መዳፍዎን ጉንጭዎ ላይ አድርገው በጥቂት ጉልበት ወደ መግፋት፣ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ ወደ መሳብ ይሸጋገራሉ። በየቀኑ መራመድንም ይጨምሩበት።

መለኪያው ይህ ነው፦ በሚሠሩበት ጊዜ ትንሽ ቢያምም ችግር የለም፤ ማታውን ከብዶ በማግስቱ ጠዋት ካልለቀቀ ግን መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ማቆም አያስፈልግም። እጅ ከደነዘዘ ግን ያቁሙና ይመለሱ።

ስግደት፣ ልጅ ማዘል፣ ሹሩባ፣ መንዳት፣ ትራስስ?

ስግደት ከመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢም ከሶላት ሰጋጅም ይጠየቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በወንበር ተቀምጦ ወይም በመጎንበስ ብቻ መስገድ ይቻላል። ሕመሙ ሲቀንስ በጉልበት ተንበርክከው፣ በእጅዎ ተደግፈው፣ ቀስ እያሉ ይመለሱበት። በዓቢይ ጾም መቶ ስግደት በአንድ ቀን ልመልስ ብሎ መነሣት ግን አያዋጣም፤ የነፍስ አባትዎም ቢጠይቋቸው ይህን የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ልጅ ማዘል አንቀልባው ትከሻን ስለሚስብ ለጥቂት ሳምንት ለሌላ ሰው ይተዉት። ሹሩባ የሚሠሩ እናቶችና እኅቶች ሦስት ሰዓት አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው በማግስቱ «ፊዚዮቴራፒው አባሰብኝ» ብለው መጥተው ያውቃሉ። ሹሩባው ይቆይ፤ ካልሆነ በየሃያ ደቂቃው ተነሡ። ስልክም እንደዚያው ነው።

ለመንዳት ሁለቱንም ጎን ያለ ችግር ዞረው ማየት መቻል አለብዎት፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እየወሰዱ አይሆንም። ወደ ሥራ በቶሎ መመለስ፣ ቀለል ተደርጎም ቢሆን፣ ከመተኛት ይሻላል። ለእንቅልፍ አንድ ትራስ ይበቃል፤ ሦስት ደርድሮ መተኛትና በሆድ መተኛት አንገትን ሌሊቱን ሙሉ እንዳጠፉት ያሳድረዋል።

ያዞረኛል፤ የተለመደ ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። የአንገት መገጣጠሚያዎች ራስ የት እንዳለ ለአንጎል ይነግራሉ፤ ሲጎዱ መልእክቱ ይዛባል። አውራ ጣትዎን ፊት ለፊት አቁመው ዓይንዎን ሳይነቅሉ ራስዎን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ማዞር የመጀመሪያው ልምምድ ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ብቻ ለሰከንዶች የሚያሽከረክርዎት ከሆነ ግን መነሻው የውስጥ ጆሮ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። ስለዚህ ይናገሩት።

መድኃኒትስ?

ፓራሲታሞል ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ላለበት፣ ኩላሊቱን ለሚታመም፣ ለነፍሰ ጡር አይሆኑም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ደግሞ ለማንም አይሆንም። ሙቅ ፎጣ ከጠሉት ሕመም ጋር ለመታረቅ ርካሽ መንገድ ነው።

መቼ ነው የምድነው?

ትልቁ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ነው። ግማሽ ያህሉ ሰው ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ የቀረው በዓመቱም የተወሰነ ሕመም ሊቀርበት ይችላል፤ የአብዛኛው ሰው ቀሪ ሕመም ግን ሥራ የማያስፈታ ነው። ከጅምሩ ሕመሙ በጣም የበረታበት፣ አንገቱን ለማንቀሳቀስ የሚፈራ፣ አልድንም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል። ክላክስ በሰማ ቁጥር የሚበረግግ፣ ግጭቱን በሕልሙ የሚያይ፣ በዚያ መንገድ ማለፍ የተወ ሰው ደግሞ አንገቱ ብቻ ሳይሆን ድንጋጤውም መታከም አለበት። ይህን ስጠይቅ «እብድ መሰልኩህ?» የሚሉኝ አሉ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ ያንኑ ነገር መደጋገም ትቶ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ሊትዌኒያ ውስጥ ከኋላ በመኪና የተገጩ 202 ሰዎች ግጭቱ ከደረሰባቸው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት በኋላ ተጠየቁ፤ ሥር የሰደደ የአንገት ሕመማቸው አደጋ ካልደረሰባቸው ሰዎች ያን ያህል የተለየ አልነበረም። በዚያ አገር ያን ጊዜ ለአንገት ሕመም ካሣ መጠየቅ ብዙም አይታወቅም ነበር። ጥናቱ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ሰው ለገንዘብ ሲል ይዋሻል ለማለት መጠቀሚያም ተደርጓል። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው፦ ዕድሜ ልክህን ትታመማለህ ያልተባለ አንገት በጊዜው ይለቃል።

ወጪውን ማን ይሸፍናል?

ኢትዮጵያ ውስጥ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል፤ አዋጁ ለተጎጂ የሚሰጥን የአስቸኳይ ሕክምና ወጪም በተወሰነ መጠን ያካትታል። በተግባር የሚጠየቁት የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ የሕክምና ማስረጃና ደረሰኝ ናቸው። ስለዚህ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቢመጣም በዚያው ቀን ታይተው በጽሑፍ ያስይዙት። እስራኤል ያሉ ወገኖች እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል የሚከፍል ሕግ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ሕክምናውን የሚሰጠው የተመዘገቡበት ቁፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ነው።

እንዳይደገምብኝ ምን ላድርግ?

የራስ መደገፊያውን ያስተካክሉ። አብዛኛው ሰው መኪናውን ሲገዛ ከነበረበት ዝቅ ያለ ቦታ አንሥቶት አያውቅም፤ ዝቅ ብሎ ማጅራት ላይ የሚያርፍ መደገፊያ ደግሞ ራስን ሊይዝ አይችልም። ጫፉ ከራስ አናትዎ ጋር እኩል ይሁን፤ ቢያንስ ከጆሮዎ ላይኛ ጫፍ አይውረድ። ከራስዎ ጀርባ ያለው ክፍተት ከአራት ጣት ብዙም አይብለጥ። ወንበሩን እንደ አልጋ አጋድመው የሚነዱ ወጣቶች ይህን ክፍተት በገዛ እጃቸው ያሰፉታል። በሚኒባስ የሚሄዱ ከሆነ መደገፊያ የሌለው ተጣጣፊ ወንበር ላይ ከመቀመጥ ሌላውን ይምረጡ፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምርጫ ካገኙ።